ግራዬ ወዴት ሄደ?

ነገሩ የጀመረው በ30 ሺህ ብር ነው።

2014 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። መርካቶ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ መደብር ሒሳብ እሠራ ነበር። ያን ቀን ጠዋት አንድ ደረሰኝ መዘገብኩ። ደረሰኙ ላይ ያለው 38,400 ብር ነው። እኔ የጻፍኩት 8,400። አለቃዬ ደረሰኙን ይዞ መጣና «ይቺ ሦስት የት ሄደች?» አለኝ። ወረቀቱን አየሁት። ሦስት የሚባል ነገር የለም። የሚቀልድብኝ ነበር የመሰለኝ። ወረቀቱን በጣቱ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ ሲያደርገው ሦስቷ ብቅ አለች።

«ውይ፣ ግራ ገብቶኝ ነው» አልኩት። አባባሉ የዚያን ቀን ምን ያህል ልክ እንደነበረ የገባኝ ግን ከአራት ቀን በኋላ ነው።

አሁን ወደኋላ ሳስበው ምልክቱ ከጠዋት ጀምሮ ሞልቶ ነበር። ከቤት ስወጣ የግራ ትከሻዬ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ልጄ ሻይ ቀድታ ከፊቴ አስቀምጣልኝ፣ «ሻዩስ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። ታክሲ ውስጥ የአንዲት ሴት እግር ረግጬ ተሰድቤያለሁ። ማጅራቴን ወጥሮ ይዞኛል፣ ራሴን ያመኛል። ግን እጄ ይንቀሳቀሳል። አፌ አልተጣመመም። ንግግሬም ደህና ነው። እኛ ሰፈር ስትሮክ ማለት አፍ ሲጣመም፣ እጅና እግር ሲያዝ ነው። እይታን ብቻ ወስዶ ሌላውን የሚተው ስትሮክ እንዳለ ነግሮኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ስለዚህ ምች ነው ተባለ። እህቴ ዳማከሴ ጨምቃ በቡና አጠጣችኝ፤ ግንባሬንም አሸችኝ። ዳማከሴን አልከስም። ሳንመረምር ምች ነው ያልነው እኛ ነን። ተኝቼ ተነሳሁ፤ ራስ ምታቱ ትንሽ ቀለል አለኝ፤ እኔም ዳንኩ አልኩ። በማግስቱ ግን ስልኬ ላይ የሚመጣውን መልእክት ግማሹን ብቻ ነው የማነበው። ይኼኔ ደግሞ «የግራ ዓይኔ ደክሟል» ብዬ ደመደምኩ። መነጽር ቤት ሄድኩ። ልጁ ግድግዳ ላይ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ አስነበበኝ። ትንሽ እየፈለግሁ፣ አንገቴን እያዞርኩ፣ ጨረስኳቸው። መነጽር ተሸጠልኝ። አድርጌው ወጣሁ። ያው ግማሹ ዓለም ጥርት ብሎ ታየኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና አንድ ነገር ላስረዳ። ሰው የማያምነኝ እዚህ ጋ ነውና። «ግራሽ ጨለመ ማለት ነው?» ይሉኛል። አልጨለመም። ጥቁር ነገር አላየሁም፣ መጋረጃም አላየሁም። አሁን እናንተ ይህን እያነበባችሁ ከጀርባችሁ ያለው ግድግዳ እንዴት ነው የሚታያችሁ? ጥቁር ሆኖ ነው? አይደለም። ዝም ብሎ የለም። የእኔም ግራ እንደዚያ ነው የሆነው። የሌለ ነገር ደግሞ መጥፋቱ አይታወቅም። ለዚህ ነው አራት ቀን ሙሉ በሰውና በዕቃ ስላተም ሰውን የምወቅሰው። «ምን አባቱ ይጋፋኛል!» እያልኩ።

በአራተኛው ቀን አውቶቡስ ተራ አካባቢ መንገድ ልሻገር ስል አንድ ተሸካሚ ልጅ ነጠላዬን ጎትቶ አስቀረኝ። ሚኒባሱ አፍንጫዬን ታክኮ አለፈ። ልጁ «እናት፣ ዓይንሽን አትገልጪም እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ እምላለሁ፣ መንገዱ ባዶ ነበር። ያን ልጅ ከዚያ በኋላ አግኝቼው አላውቅም። ያስደነገጠኝ መኪናው አልነበረም። የመኪናውን ድምፅ እየሰማሁ መኪናውን አለማየቴ ነው። ሥራዬን ትቼ በቀጥታ ወደ ዓይን ክሊኒክ ሄድኩ።

ያየኝ ሐኪም ልጄ የሚሆን ወጣት ነው። መሣሪያ እንኳ አላነሳም። ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «እናቴ፣ አፍንጫዬን ብቻ ይዩ። ዓይንዎን እንዳያነሱ» አለኝ። ሁለት እጆቹን ዘረጋ። «ስንት ጣት ይታይዎታል?» «ሁለት።» ለካ በሁለቱም እጁ ሁለት ሁለት ጣት ዘርግቶ ነበር። ከዚያ የግራ ዓይኔን በእጄ አስሸፈነኝ። የቀኝ ዓይኔ ብቻ እያየ ግራው የለም። የቀኙን አስሸፈነኝ። አሁንም ግራው የለም። ልጁ እጆቹን አወረደ። «ዓይንዎ ጤነኛ ነው። ችግሩ እዚህ አይደለም» አለና እጁን ወደ ማጅራቴ አሳየ። «ከዚህ ኋላ ነው። አሁኑኑ ሲቲ ስካን ይነሱ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ።»

እንዲህ ነው ያስረዳኝ። ሁለቱም ዓይኖቻችን ግራውንም ቀኙንም ያያሉ። ያዩትን የሚያነበው ግን ከጭንቅላታችን በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ከግራ በኩል ያለውን የሚያነበው የቀኙ አንጎል ነው፤ ከቀኝ ያለውን ደግሞ የግራው። ስለዚህ በቀኝ በኩል ከኋላ የደም ሥር ከተዘጋ፣ የሁለቱም ዓይኖች ግራ ግማሽ አብሮ ይጠፋል። መነጽር የሚያግዘው ዓይንን ነው። ዓይኑ ደህና ሆኖ አንባቢው ሲታመም መነጽር ምን ያደርጋል?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ። እናንተም ሆነ ቤተሰባችሁ በድንገት በአንድ ወገን ማየት ካቃተው፣ አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን በየተራ ሸፍኑ። አንዱ ሲሸፈን ችግሩ ከጠፋ ነገሩ ከዓይኑ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ድንገተኛ ከሆነ የዛሬ ጉዳይ ነው። የትኛውንም ብትሸፍኑ ያው ወገን ከጠፋ ግን ነገሩ የአንጎል ነው። መነጽር ቤት አትሂዱ። አትተኙ። 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፣ ካልሆነም ያገኛችሁት መኪና ውስጥ ግቡ። ደግሞ «አስፕሪን ደም ያቀጥናል» ብላችሁ ቤት ያለውን ክኒን ዋጥ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ደም ረግቶ ሲዘጋ ነው፣ አንዱ ደም ሥር ፈንድቶ ሲፈስ ነው። ሲቲ ስካን ሳይነሳ የትኛው እንደሆነ ሐኪምም አያውቅ። ለፈሰሰው አስፕሪን ነዳጅ ነው።

የእኔ የረጋ ደም ነበር። ግፊቴ ሲለካ 190 በ110። ከጎኔ ቆማ የነበረችው ነርስ «ክኒን ይወስዳሉ?» አለችኝ። አፈርኩ። አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት ክኒን ሦስት ዓመት ወስጄ ከአራት ወር በፊት አቁሜዋለሁ። ምክንያቴ? ደህና ነበርኩ። ራሴን አያመኝም፣ አላዞረኝም። ዳንኩ ብዬ አቆምኩ። ግፊት ደግሞ እንደ ጉንፋን አይደለም። የዳንኩ የመሰለኝ ክኒኑን ስለምውጥ ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር የዚያን ጊዜ አንድ ሰው ረጋ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ እላለሁ። ጤና ጣቢያ ነግረውኝም ይሆናል። ወረፋ ላይ ሆኜ ልብ አላልኩት ይሆናል።

ሌላው ያንገበገበኝ ሰዓቱ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ አለ። የሚሰጠው ግን ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሚገኝበት ሆስፒታል። እኔ የደረስኩት በአራት ቀኔ ነው። መርፌው ተሰጥቶኝ ቢሆን ግራዬ ይመለስ ነበር ወይ? ማንም አይምልልኝም። ግን ዕድሉን ዳማከሴና መነጽር ላይ ጨረስኩት።

ስድስት ቀን ተኛሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት የእሷ ሌላ ነበር። አንጎሏ ውስጥ ያለ ደም ሥር አንድ ቦታ ላይ እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ አኑሪዝም ይሉታል፣ ነርቭ ተጭኖባት ነው። አንድ ዓይኗ ቆቡ ወርዶ ተከድኗል። በጣቷ ስታነሳው ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ይታያታል። እኔ ግማሽ አያለሁ፣ እሷ እጥፍ ታያለች። «አዋጥተን አንድ ደህና ሰው እንሆናለን» እያልን እንስቅ ነበር። የእሷ ሁለት ሁለት ማየት አንዱ ዓይን ሲሸፈን ይጠፋል። ድንገት የዓይን ቆብ ከወደቀና ከባድ ራስ ምታት ካለበት ይኼም ለነገ የሚያድር አይደለም።

ከሆስፒታል ስወጣ አስፕሪን፣ አቶርቫስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል መድኃኒትና የግፊት ክኒን ታዘዘልኝ። ጸበልም ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ሁለቱን ማጋጨት የሚወዱ ሰዎች ስላሉ ነው። «ጸበል ላይ ክኒን አይዋጥም» ያለኝ ሰው አለ። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ። ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው» አሉኝ። በዚሁ ተገላገልኩ። በሁዳዴ ጊዜም የመዋጫ ሰዓቱን ከሐኪሜ ጋር ተነጋግሬ ማታ አደረግሁት እንጂ አላቆምኩም።

አሁን ለማንም ሳልናገር ወደ ቆየሁት ነገር ልምጣ። ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ግራዬ ላይ ነገር መታየት ጀመረ። መጀመሪያ ጥለት ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት፣ አረንጓዴና ቢጫ፣ እየተጠቀለለ የሚሄድ። ደስ ይላል እንኳ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ አንድ ሕፃን ልጅ ነጭ ለብሶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ዞር ብዬ ሳየው የለም። ፊቴን ስመልስ አለ። አማተብኩ። ለልጄ አልነገርኳት። ለእህቴ ብነግራት «ለክፎሽ ነው» ብላ አገር ታሰማለች። «አበደች» መባልም ፈራሁ። ሦስት ሳምንት መብራት ሳላጠፋ አደርኩ።

በቀጠሮዬ ቀን ሐኪሙ ራሱ ጠየቀኝ። «በማያዩበት በኩል የሚታይዎት ነገር አለ?» አለኝ፤ እንደ ዋዛ። አለቀስኩ። አንጎል ከአንድ ወገን መልእክት ሲቋረጥበት ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ከራሱ ጓዳ ሥዕል አውጥቶ ይሞላዋል አለኝ። ሻርል ቦኔ የሚባል የስዊዘርላንድ ምሁር በ1760 እ.ኤ.አ. ስለ አያቱ ይህንኑ ጽፏል። አያትየው በዓይን ሞራ ዓይናቸው የደከመ፣ አእምሯቸው ግን ሙሉ የሆነ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው፣ ወፍ፣ ሠረገላ፣ ሕንፃ ይታያቸው ነበር። የዚያን ቀን ማታ መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ። ልጁ እንደተቀመጠ ነው። «እደር እንግዲህ» አልኩት። በሁለት ወር ውስጥ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ሐኪም ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት። የሚታየው ነገር የሚናገር፣ የሚያዝ ከሆነ ወይም ሰውየው እውነት ነው ብሎ ካመነ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ያም ይነገር።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሕመሙ አልነበረም። ሰላምታ ነው። እኛ አገር ሰላም አለማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጎረቤቴ ከግራዬ መጥታ እጇን ዘርግታ ቆማ እኔ ፊቴን ሳላዞር አለፍኳት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የባሌን አጎት ዘልዬ ከአጠገባቸው ያለውን ሰው ሳምኩ። ቡና ሳፈላ ከረከቦቱ የቀኝ ሲኒዎችን ብቻ ሞልቼ አቀረብኩ፤ ከግራ የተደረደሩት ሁለቱ ባዶ ቀሩ። ማንም ፊት ለፊት አልተናገረኝም። ከኋላዬ ግን «ከታመመች ወዲህ ኮርታለች» ተባለ። እጄ ሽባ ቢሆን ሁሉም ያየዋል፣ ያዝንልኛል። የእኔ ሕመም ግን ለሰው አይታይም። ለእኔም አይታይም።

አንድ እሑድ ቡና ላይ ሁሉም በተሰበሰበበት ተናገርኩ። ሐኪም ቤት የተሰጠኝን የእይታ ምርመራ ወረቀት ይዤ። ያ ምርመራ ሳህን በሚመስል መሣሪያ ውስጥ እያያችሁ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር የምትጫኑት ነገር ነው። ውጤቱ ክብ ሥዕል ነው፤ የእኔ ከመሐል ወደ ግራ ጥቁር ነው። «ይኸው ዓይኔ» ብዬ አዞርኩት። «ከግራዬ የመጣ ሰው ስሜን ይጥራ። ዝም ካልኩ አላየሁም ማለት ነው።» ዝም ጭጭ አሉ። ከዚያ የግቢያችን ትልቅ እናት «ወይ ጉድ! እኔኮ ከግራሽ ተቀምጬ ስንት ቀን ሳማሽ ነበር» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕይወቴ ግማሽ ቀለለ። ይህን ስድስት ወር አዘግይቼዋለሁ። እናንተ በመጀመሪያው ሳምንት አድርጉት። ወረቀቱን ለቤተሰብ አሳዩ፤ በአፍ ብቻ ከተነገረ «ትኩረት የላትም» ይሏችኋል።

ወደ ንባብ ልሂድ፤ የእኔ እንጀራ እሱ ነውና። ግራው የጠፋበት ሰው መስመር ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ሲመለስ የመስመሩን መጀመሪያ አያገኘውም። መሐል ላይ ይወድቃል። ከቃሉም የፊቱ ፊደል ይበላበታል። በአማርኛ ደግሞ «አል» እና «አይ» የሚቀመጡት ከፊት ነው። ደንበኛ ስለ ብሩ «አልተላከም» ብሎ የጻፈልኝን «ተላከ» ብዬ አንብቤ ዕቃ አስጭኛለሁ። ቀኙ የጠፋበት ሰው በተቃራኒው የቃሉን ጫፍ ያጣል። ንባቡ እየተደናቀፈ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አያይምና።

ሁለት ስህተት ሠራሁ። አንደኛው፣ ልምምዴን በመዝሙረ ዳዊት ጀመርኩ። ጥሩ እያነበብኩ መሰለኝ። ለካ ዳዊቱን በቃሌ ነው የምወጣው፣ ዓይኔ የለበትም፣ አፌ ነው የሚቀድመው። አንድ ቀን ልጄ የትምህርት ቤት ደብተሯን ሰጠችኝ፤ ሁለት መስመር አልሄድኩም። ጸሎቱን ለጸሎት ተውኩትና ልምምዱን በማላውቀው ጽሑፍ አደረግሁ። ሁለተኛው፣ የስልኬን ፊደል በጣም አተለቅኩት። ለደከመ ዓይን ማተለቅ ይጠቅማል። ለግማሽ እይታ ግን ፊደል በተለቀ ቁጥር ባለችኝ ቦታ ውስጥ የሚገባው ቃል ያንሳል። መካከለኛ አድርጌው ተገላገልኩ።

የሠራልኝ ቀይ መስመር ነው። የልጄ ሐሳብ ነው። በቀይ ኪውቴክስ የማስመሪያዬን የግራ ጫፍ ቀባችው። ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር አስቀምጣለሁ። ቀዩን እስካላየሁ ድረስ ማንበብ አልጀምርም። መስመር ስጨርስ ቀዩን እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ቁጥር ሲሆን ደግሞ ከቀኝ ጀምሬ ሦስት ሦስት ቤት እየቆጠርኩ ወደ ግራ እሄዳለሁ፤ ባዶ ወረቀት እስካገኝ አላቆምም። በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ጠዋት። ማታ ላይ አንጎሌ ይደክመዋል፣ ያነበብኩት ሁሉ ይደበላለቃል። ስልቹነት መስሎኝ ራሴን እወቅስ ነበር። ድካሙ የሕመሙ አካል ነው። ወረቀቱን በቁሙ አዙረው ከላይ ወደ ታች የሚያነቡም አሉ፤ እኔ ሞክሬው አንገቴን አመመኝ፣ ለእናንተ ግን ሊሠራ ይችላል።

ለመንገድ ደግሞ ይኼን ልብ በሉ። እኛ አገር መኪና ቀኙን ይዞ ነው የሚሄድ። ከእግረኛ መንገድ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚደርስባችሁ መኪና ከግራ ነው የሚመጣው። ለእኔ ከማላየው ወገን ማለት ነው። ስለዚህ ዓይኔን ብቻ ሳይሆን አገጬን ትከሻዬ ላይ እስኪደርስ አዞራለሁ። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። መጀመሪያ ላይ ሰዎች «ማንን ትፈልጊያለሽ?» ይሉኝ ነበር። ብቻዬን ካልሆንኩ አብሮኝ የሚሄደው ሰው ከግራዬ ይሆናል። ታክሲ ውስጥ በግራ በኩል ያለውን የመስኮት ወንበር እመርጣለሁ፤ ከግራዬ መስኮት ብቻ፣ ሰውና ረዳት ሁሉ ከቀኜ። ስብሰባም ለቅሶም ቤት ግድግዳን ከግራዬ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሹፌር ለሆናችሁ ግን ምንም የማለዝብበት ቃል የለኝም። ግማሽ እይታ ይዞ መንዳት በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው። ሐኪም ሳይፈቅድ ቁልፉን ለሰው ስጡ።

ማድ ቤት አንዴ ግራ እጄን ተቃጥያለሁ። ከዚያ በኋላ ከሰል ምድጃው ከቀኜ ሆነ። የበሩን የግራ መቃን በነጭ ፕላስተር ለጠፍንበት። ቢላ ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚመለሰው። ቤት ውስጥ ዕቃ ያለ እኔ ፈቃድ አይዛወርም፤ በዚህ ጉዳይ አምባገነን ነኝ።

ተመለሰልሽ ወይ ለምትሉኝ፣ ትንሽ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከላይ በኩል ያለው ጥግ ጥቂት ተከፈተልኝ። ሐኪሙም በራሱ የሚመለሰው አብዛኛው በእነዚያ ወራት እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ያው ነው። የተለወጠው ሥዕሉ ሳይሆን አንገቴ ነው፤ ሳላስበው ይዞራል። ሙሉ በሙሉ እንመልስልሻለን ብሎ ውድ መሣሪያ ሊሸጥልኝ የሞከረ ሰው ነበር። ገንዘቤን አልሰጠሁትም። የመነጽሩ ትምህርት በቅቶኛል።

ሥራዬን ሙሉ በሙሉ አላዳንኩትም። በአምስተኛው ወር ስመለስ ሒሳቡ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከፍቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። አሁን ከደንበኞች ጋር በስልክ ትእዛዝ የምቀበለው እኔ ነኝ። የጻፍኩትን ቁጥር መልሼ አነብላቸዋለሁ፣ እነሱ ያረጋግጣሉ። እስካሁን የጠፋ ሦስት የለም። ግፊቴን በየሁለት ሳምንቱ እለካለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ባለፈው 128 በ82 ነበር።

ልጄ አሁን ሳታስበው ከግራዬ ነው የምትሄደው። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዋ ቤት መጥታ ስትጠይቃት ሰማሁ። «አንቺ ግን ከማንም ጋር ስትሄጂ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከግራ የምትሆኚው?» አለቻት። ልጄ ትንሽ አሰበች። «እንጃ» አለች።